ጭቃ፣ ዋንዛ፣ የቡና ኬሻ፦ የልብን የሚናገር ቅርጽ ጅማ ላይ መሥራት

አያቴ ካረፈች በኋላ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ዓይኔን የያዘው በርጩማዋ ነው። ሦስት እግር ያለው፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ የጅማ በርጩማ። አያቴን አኮ ነበር የምንላት። ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ትቆላለች። ለቅሶው አልቆ ሰው ሲበተን በርጩማው ምድጃው አጠገብ ቀረ። አትቀመጡበት ያለ የለም። ግን ሁሉም ዞሮት ያልፋል።

ያንን ነገር በቃል ልናገረው ሞክሬ አልሆነልኝም። በቅርጽ ልሥራው አልኩ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። አኮ የሰውን መልክ መቅረጽ በሃይማኖቷ የተወደደ እንዳልሆነ ታምን ነበር። ፎቶ እንኳ የምትነሳው በስንት ልመና ነው። ፊቷን ብቀርጽ ደስ እንደማይላት አውቃለሁ። ስለዚህ እሷን ሳይሆን ቦታዋን ለመሥራት ወሰንኩ። በርጩማው፣ ነጠላዋ፣ የተቀመጠችበት ባዶ ቦታ።

ጅማ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ያለበት ቤት ብዙ ነው። እናንተም እንደዚያ ከሆናችሁ ቅርጽ መሥራት አይቅርባችሁ። ጀበና፣ ጫማ፣ በር፣ እጀታው የተሰበረ ዶማ፤ ሰው የነካው ዕቃ ሁሉ ስለ ሰው ያወራል።

መጀመሪያ፦ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"ፍቅር"፣ "ድህነት"፣ "ሰላም" ብላችሁ አትጀምሩ። እነዚህ ቃላት በጣም ሰፊ ናቸው፤ እጅ ምን እንደሚሠራባቸው አያውቅም። ማን ምን እንዳደረገ ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "አኮ ከበርጩማዋ ተነስታ አልተመለሰችም።" ይህ የራሴ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የሁላችንም ነው፦ "ጀበናዋን ገዛናት፤ ቡናውን ግን አብረናት አልጠጣንም።" የምለው ሸክላ ሠሪዋን ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ስንቱ ሰው ቡዳ እያለ ሲሸሸው ኖሯል። በሠሩት ድስት እየበላን፣ በሠሩት ጀበና እያፈላን። ዛሬ ቀንሷል ይባላል። አልጠፋም።

ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ ድርጊት ካለ አቋሙ አብሮ ይመጣል። ተነሳች፣ ገዛን፣ ተሸከመ፣ ጠበቀ። መሸከም ጎንበስ ማለት ነው። መጠበቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት ነው። ያን ጊዜ የምትሠሩት ነገር ግማሹ ታወቀ።

ዕቃው ራሱ ምን እንደሚል ስሙ

ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሐሳቡን ይመርጥና ዕቃውን ካገኘው ቦታ ያነሳል። ዕቃ ግን ገና ሳይነካ የሚናገረው አለው።

የቡና ኬሻ ያዙ። 60 ኪሎ ቡና ታጭቆበት፣ በሰው ጀርባ ተጭኖ፣ በመኪና ተራግፎ የመጣ ነው። ሽታው ራሱ ታሪክ ነው። ጭቃ የእጅን አሻራ ይይዛል፤ ደግሞ ይሰበራል። እንጨት ዕድሜውን ውስጡ ጽፎ የመጣ ነው። ብረት ሲዝግ ጊዜ እንዳለፈ ይናገራል። ሲሚንቶ ከባድና ቀዝቃዛ ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዋ የምሠራውን በፕላስቲክ ብሠራው ግማሹ ንግግር ጠፋ ማለት ነው። ከራሷ ጭቃ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ከዓረፍተ ነገሩ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ይህን የሚናገርልኝ ዕቃ የትኛው ነው? ለምን?" መልሱ "ርካሽ ስለሆነ" ብቻ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ። ርካሽነት ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ዙሩና እዩ

አንድ ቅዳሜ ለዚህ ስጡ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ እዩ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች ደግሞ ጅማ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ሲያበቃ ወደ በርጩማ ሠሪዎቹ ሂዱ። የድሮው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ምስማር የለበትም፣ ኮላ የለበትም። እግሮቹ የተለጠፉ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው እንጨት ወጥቶ የቀሩ ናቸው። ይህን በደንብ ያየ ሰው መቅረጽ ማለት መቀነስ እንደሆነ ያለ መምህር ይገባዋል።

አንዱን ዕቃ መርጣችሁ ዙሩት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ቁጭ ብላችሁም ከታች። ከእያንዳንዱ አቅጣጫ ቶሎ ቶሎ ንደፉ። ስዕሉ ማማር የለበትም። ከኋላ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ ሥራ እንዳትጀምሩ ነው።

ቡጢ የሚያህል ሙከራ

ትልቁን ከመንካታችሁ በፊት አምስት ትንንሽ የጭቃ ሙከራ ሥሩ። እያንዳንዱ ቡጢ ያህል ይሁን፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆዩበት። አምስቱን ደርድሩና ሁለት ሜትር ርቃችሁ እዩ። ከሩቅ የሚናገረው የትኛው ነው? እሱን ምረጡ። ዓይንና አፍንጫ ያሳመራችሁበት ሙከራ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ዝም ይላል። አቋሙ የጠራው ይናገራል።

በጭቃ መሥራት

ጭቃውን ከሸክላ ሠሪዋ ፈልጉ። በገበያ ቀን ጀበናና ድስት ይዘው ከሚወጡት እናቶች አንዷን ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። የአፈሩን ብቻ ሳይሆን የምክሯንም ክፈሏት። እኔ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረችኝ እንዲህ ያለች አንዲት እናት ናት።

አፈሩን ለመፈተን ትንሽ እርጥብ ጭቃ በመዳፋችሁ እያሻችሁ እንደ እርሳስ አቅጥኑ። ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጣጠቀ ጥሩ ነው። ደረቅ አፈር ከሆነ ሦስት ቀን ዘፍዝፉት፤ አማስላችሁ በወንፊት አውርዱት፤ ኬሻ ላይ አስጥታችሁ ውሃው እስኪመጥ ጠብቁ።

ቀጥሎ ገል። የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ ወቅጣችሁ ንፉ። ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ያህል የገል ድቃቂ ጨምሩ። ገሉ አንዴ ስለተተኮሰ ከእንግዲህ አይኮማተርም፤ ጭቃውን ይይዘዋል። እሳት ላይም ለእንፋሎት መውጫ ይሰጣል። ከዚያ እንደ ዳቦ ሊጥ በደንብ እሹት። በቀጭን ሽቦ መሃል ለመሃል ቆርጣችሁ እዩ። የአየር ቀዳዳ ካለ እንደገና እሹ።

እኔ የሠራሁት ሁለት እጆች ነበር። የተሰበረ ስኒ የያዙ የሸክላ ሠሪ እጆች። መጀመሪያ ድፍን አድርጌ ሠራኋቸው፤ አንጓው ላይ ስድስት ሴንቲሜትር ይወፍር ነበር። ከላይ ደርቆ አየሁትና ቸኮልኩ። እሳት ውስጥ በገባ በሩብ ሰዓቱ "ጧ!" አለ። አውራ ጣቱ ግቢው ጥግ ድረስ ሄደ። ያቺ እናት ስብርባሪውን አንስታ አየችው። መሃሉ ጠቆር ያለ ነበር፤ ገና እርጥብ። "ሆዱን ባዶ አድርገው" አለችኝ። "ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዞ እሳት የሚችል የለም።"

ነገሩ እንደዚህ ነው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን እጅግ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ጭቃውን ይበትነዋል። ስለዚህ፦

ግድግዳው በየትም ቦታ ከ2 ሴንቲሜትር ተኩል አይወፍር። ድፍን ከሠራችሁ፣ ጭቃው እንደ አይብ ጠጠር ሲል በሽቦ ለሁለት ቆርጣችሁ ውስጡን በማንኪያ ቦርቡሩ፤ መልሳችሁ ግጠሙት። ስትገጥሙ ሁለቱንም ፊት በሹካ ቧጭሩ፣ ቀጭን ጭቃ ቀቡ፣ ተጫኑ። ሳይቧጭሩ የለጠፉት ነገር ሲደርቅ ይወድቃል። የተዘጋ ባዶ ሆድም አትተዉ፤ በማይታይ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ብሱት። የሚተኮስ ጭቃ ውስጥ ሽቦ አታስገቡ። ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሽቦው አይኮማተርም። መሰንጠቁ አይቀርም።

ማድረቁ ትዕግሥት ነው። ጥላ ውስጥ፣ በፌስታል ሸፍናችሁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጣችሁ። ጣቶችና ቀጫጭን ቦታዎች ቀድመው ስለሚደርቁ እነሱን በእርጥብ ጨርቅ አቆዩአቸው። በበጋ ሁለት ሳምንት ይበቃ ይሆናል። በጅማ ክረምት ግን ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ከቀዘቀዘ ውስጡ አሁንም ውሃ አለ።

ለመተኮስ መጀመሪያ ከእሳቱ ዳር አስቀምጣችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት እያገላበጣችሁ አሙቁት። ከዚያ ፍሙ ላይ አድርጉ፣ ኩበትና ጭድ አልብሱት፣ እንጨት ደርቡበት። ነበልባሉ በአንዴ እንዳይበረታ ተጠንቀቁ። ሲያልቅ አትነካኩት፤ አመዱ ውስጥ ይደር። ትኩስ ሸክላ ድንገት ነፋስ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። እሳቱ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበት ከወጣ ደግሞ አታዝኑ፤ ቀለም ልቀባው አትበሉ። የእኔ ሁለተኛው ሙከራ አንዱ መዳፍ ጠቁሮ ነው የወጣው። እንደዚያው ተውኩት፤ የምድጃ እጅ መሰለ።

በእንጨት መሥራት

የቤት ዕቃ የሚሠሩ ወርክሾፖች ጋ ሄዳችሁ የዋንዛ ቁራጭ ለምኑ ወይም ግዙ። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል። ለእናንተ ሥራ ተብሎ ዛፍ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም፤ ዋንዛው እንደሆነ እየተመናመነ ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

እርጥብ ግንድ ካገኛችሁ ሁለቱን ጫፍ በሰም ወይም በቀለም ድፈኑ። እንጨት ውሃውን በብዛት የሚያወጣው በጫፉ ነው፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወፍራም ጣውላ ለእያንዳንዱ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይላሉ አናጢዎች። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ደረቅ ቁራጭ ይሻላል።

የፊቱን ንድፍ በአንዱ ገጽ፣ የጎኑን በሌላው ገጽ ሳሉ። በመጋዝና በመጥረቢያ ትልልቁን አውጡ። ከዚያ መሮና መዶሻ። ሁልጊዜ ከከፍታው ወደ ዝቅታው ቁረጡ፤ ተቃራኒውን ስትሄዱ እንጨቱ ይላጣል። እንጨቱን በሞርሳ፣ ማለትም ዕቃ አጥብቆ በሚይዘው ማሰሪያ፣ እሰሩት። አንዱ እጅ እንጨቱን ይዞ ሌላው መሮ የሚገፋበት አሠራር መጨረሻው ሐኪም ቤት ነው። እጃችሁ መቼም ከስለቱ ፊት አይቁም።

ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግድ አይደለም። የመሮው ጠባሳ የሚናገርበት ቦታ አለ። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው መታሰቢያ የሚያቆሟቸውን የእንጨት ምስሎች ያየ ሰው ይገባዋል። ፊቱ በጥቂት ቁርጥ ያለቀ ነው። ግን ክብሩ ከሩቅ ይታያል፤ ከጀግናው ጋር ሚስቶቹና የገደላቸው አውሬዎችም ይቆማሉ። ማንነቱን የሚነግሩን ከአፍንጫው ይልቅ አብረውት የቆሙት ናቸው።

ሲያልቅ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀቡት። ጨርቁን ግን ጨማድዳችሁ አትጣሉ፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። በዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ይነሳል። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

የቡና ኬሻና ጀሶ፦ የአኮ በርጩማ

ወደ ልቤ የቀረበው ሥራ ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ያስፈለገኝ፦ ሁለት አሮጌ ኬሻ፣ አንድ ከረጢት ጀሶ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጓንት፣ ፌስታል፣ ቫዝሊን፣ ሲባጎ፣ የቤት ጨርቅ። ጀሶ ስትገዙ አዲስ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥበት የጠጣ ጀሶ አይጠናም፤ ጅማ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። የተረፈውን በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ።

ኬሻውን አጥቤ አሰጣሁት። አንዱን ሳልቆራርጥ ተውኩ፤ ሌላውን 20 በ40 ሴንቲሜትር አድርጌ ቆራረጥኩ። በርጩማውን ሙሉ በሙሉ በፌስታል ጠቅልዬ ቫዝሊን ቀባሁት። በላዩ ላይ የቤት ጨርቅ በፌስታል ጠቅልዬ የተቀመጠ ሰው ጭንና ጉልበት አስመሰልኩ። ጉልበቶቹን ትንሽ ራቅ ራቅ አደረግሁ፤ አኮ ምጣዱን በመካከላቸው ነበር የምታደርገው።

ጀሶ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ነው ወደ ውሃው የሚገባው። ውሃ ዱቄት ላይ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል። ውሃውን ሳፋ ውስጥ አድርጉ፣ ጀሶውን በእጃችሁ እየበተናችሁ ጨምሩ። ከውሃው በላይ እንደ ደሴት ብቅ ማለት ሲጀምር አቁሙ። ሁለት ደቂቃ ተዉት፤ ራሱ ይጠጣል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። እርጎ ሲመስል ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ ብዙ አትበጥብጡ።

ሙሉውን ኬሻ ነከርኩ፣ ጨመቅ አደረግሁ፣ ከጭኑ ላይ እንደ ቀሚስ አለበስኩት። ዘርፉ መሬት እስኪነካ። በርጩማውን በኋላ ከሥር መሳብ ስላለብኝ የታችኛውን አፍ ክፍት ተውኩ። እጥፋቱን በጣቴ አስተካከልኩ፤ ሊወድቅ ያለውን በሲባጎ ወደ ላይ ሳብኩ። ሲጠና ሁለተኛ ዙር በጥብጬ ቁርጥራጮቹን ከውስጥ በኩል በዘርፉና በእጥፋቱ ላይ ደረብኩ። ጥንካሬ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ጀሶ ሲጠና ይሞቃል። ወፍራም ሲሆን ቆዳ እስከማቃጠል ይደርሳል። እጅ ወይም እግር ጀሶው ውስጥ ከቶ ቅርጹን ማውጣት የሚሞክር ወጣት አይቻለሁ፤ በፍጹም አታድርጉት። ሳፋውን ስታጥቡ ደግሞ ቆሻሻውን ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ እዚያው ይጠናና ይዘጋል። ሳፋው ላይ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ አጠፍ አጠፍ ስታደርጉት ይላቀቃል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በጎኑ አጋድሜ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ከዚያ በርጩማውን ቀስ ብዬ ከሥር አወጣሁ። መልሼ ሳቆመው ልብሱ ቆመ። ውስጡ ማንም የለም። ሁለት ጉልበት፣ በመካከላቸው ጎድጓዳ ቦታ። ኬሻው ላይ ከታተሙት ፊደሎች ጥቂቶቹ በነጩ ጀሶ ሥር ይታያሉ። ልሸፍናቸው አስቤ ነበር። ተውኳቸው፤ ዕድሜዋን ቡና ስትለቅም የኖረች ሴት ነበረች።

ጀሶ ዝናብ አይችልም። ቤት ውስጥ፣ ከእርጥብ ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ለቅርጽ አዲስ የሆነ ሰው ከዚህ በቀለለ ነገር መጀመር ከፈለገ ጀሶውን ካርቶን ውስጥ አፍስሶ ሰሌዳ ይሥራ። ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ገና እርጥብ እያለ በቢላና በምስማር ይፍለፍል። የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያሉት ሰይፎች እኮ ከድንጋዩ ገጽ ብዙ አይርቁም። ያ ጥልቀት ስንት ዘመን ተናገረ!

ብረትና ሲሚንቶ

ብረት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብየዳ ከባለሙያ ጋር የሚማሩት ነው። ለጀማሪ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦና ፒንሳ ይበቃል። በሽቦ አየር ላይ እንደ መሳል ነው። ቁራጭ ብረት ከቆራሌው በኪሎ ይገዛል፤ ያለቀ የባጃጅ ጥርስ፣ የተጣለ ማጭድ፣ የበር ማጠፊያ። ለበያጁ ስትወስዱ አንድ ነገር አስታውሱ፦ የቤት ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ቆርቆሮን በሽቦ ስፉት፣ በምስማር ምቱት፣ አታቃጥሉት።

ውጭ ለሚቆም ሥራ ሲሚንቶ አለ። በፌሮ አጽሙን ሥሩ፣ ወንፊት ሽቦ አልብሱት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ አድርጋችሁ በቀጭኑ ደራርቡ። ጓንት አድርጉ፤ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ከዚያ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት። ፀሐይ ላይ ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ይፈረፈራል።

ለሰው ማሳየት

ሥራው አልቋል ከማለታችሁ በፊት ለሦስት ሰው አሳዩ። ስለ ምን እንደሆነ አትንገሩ። "ምን ይታያችኋል?" በሉና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። ግን የምታብራሩት ከሆነ የሰማችሁት የራሳችሁን ድምፅ ነው።

እጆቹን መጀመሪያ ያሳየሁት ለዚያችው እናት ነው። ብዙ አላለችም። የራሷን እጅ አጠገቡ አድርጋ አስተያየችው። "አውራ ጣቱ አጥሯል" አለች። ልክ ነበረች። ሦስተኛውን ስሠራ አስረዘምኩት።

የአኮን ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት። ዞሩት። ጎንበስ ብለው ውስጡን ተመለከቱ። "ይቺ ሴትዮ ተነስታ የት ሄደች?" አሉኝ። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነበር ያቆምኩት። ማታ አዞርኩት። አሁን ጉልበቶቹ ወደ ምድጃው ያያሉ፤ በርጩማውም ወደ ቦታው ተመልሷል።